አንድ መስኮት፣ ብዙ እሾህ፦ ቀጥሎ ምን ልጨምር?

የመስኮት ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ያሉኝ አንድ ክብ ካክተስ (ማሚላሪያ)፣ ባለ ወፍራም ቅጠሎቹ ሁለት ኤቼቬሪያና አንድ ክራሱላ፣ አንድ ትንሽ እሬት እና አናቱ ላይ ቀይ ኳስ ያለው ካክተስ ናቸው። ሁሉም አንድ የመስኮት ደፍ ላይ ተደርድረዋል። ደህና ናቸው ማለት ይቻላል። ኤቼቬሪያዎቹ ብቻ አንገታቸው እየረዘመ፣ ቅጠላቸው እየተራራቀ መጥቷል።

ስብስቡን ማስፋት አምሮኛል። ችግሩ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይከተላል። አንዴ ድንጋይ የምትመስለዋ ሊቶፕስ፣ አንዴ አስትሮፊተም የሚባለው ካክተስ፣ ነገ ደግሞ ምን እንደሚሆን እንጃ። ቦታዬ ግን ያው አንድ መስኮት ነው። ከሱ ፈንጠር ብሎ ባዶ መደርደሪያ አለ። በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትጨምራላችሁ? አንድ ወገን ይዞ መሰብሰብ ይሻላል ወይስ ዓይን የገባውን ሁሉ?

ጋሼ እሾሁ
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። የሚጨመረውን የምትመርጪው አንቺ አይደለሽም፤ መስኮትሽ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እንጠይቀው። ወዴት ይዞራል? ቀጥታ ፀሐይ ስንት ሰዓት ይገባበታል? ያ መደርደሪያ ከመስታወቱ ምን ያህል ይርቃል?

ዓይናችን ያታልላል። ብርሃን ሲቀንስ ራሱን ስለሚያስተካክል፣ ከመስኮት አንድ ሁለት ሜትር የራቀ ቦታ ብሩህ ይመስለናል። ለካክተሱ ግን እዚያ ጨለማ ነው። እኩለ ቀን ላይ ተክሉን ልታስቀምጪ ያሰብሽበት ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርጊ። እጅሽን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ ያዢ። የጥላው ጠርዝ ቁልጭ ካለ ብርሃኑ ጠንካራ ነው። ከደበዘዘ መካከለኛ ነው። ጥላው ጭራሽ ካልታየ እዚያ መጽሐፍ ደርድሪበት።

አቅጣጫን በተመለከተ፣ ከምድር ወገብ ራቅ ብሎ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ለሚኖር ሰው ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ይመረጣል። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ተቃራኒው ነው። ለምድር ወገብ የቀረበ ሰው ደግሞ ፀሐይ ዓመቱን ተካፍላ በሰሜንም በደቡብም በኩል ስለምታልፍ፣ ዓመቱን ሙሉ የማያሳፍሩት ምሥራቅና ምዕራብ የሚያዩት ናቸው።

የኤቼቬሪያዎቹ አንገት የረዘመው ብርሃን ፍለጋ ነው። የረዘመው ተመልሶ አያጥርም። ብትፈልጊ አናቱን ጥቂት ግንድ አስቀርተሽ በንጹሕ ምላጭ ቁረጪ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ቀናት ጥላ ውስጥ አቆዪው፣ ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ አስቀምጪው። ሥር ያወጣል። የቀረው ጉቶም ከጎኑ አዳዲስ ቡቃያ ይሰጥሻል። ከአንድ ሁለት ሦስት ማለት ነው።

የመስኮት ዳር
ጋሼ አመሰግናለሁ። ሞክሬው መጣሁ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ያያል። ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል ቀጥታ ፀሐይ ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ ብርሃን ብቻ ነው። ደፉ ላይ እኩለ ቀን ጥላው አለ ግን ጠርዙ ደብዛዛ ነው። መደርደሪያው ላይ ምንም ጥላ የለም። ስለ መጽሐፉ የተናገሩት ገባኝ።

ሸክላ ብቻ
የምሥራቅ መስኮት አይናቅም። እኔ ብሆን በሃዎርሺያና በጋስቴሪያ እጀምር ነበር። ሁለቱም በደቡብ አፍሪካ ቁጥቋጦ ሥር፣ ግማሽ ጥላ ውስጥ የሚያድጉ ናቸው። አንዳንድ ሃዎርሺያ የቅጠሉ ጫፍ ብርሃን ያሳልፋል። በዱር አካሉ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ያ ጫፍ ብቻ ይታያል፤ ብርሃን በሱ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ማየት ነው!

ከካክተስ ጂምኖካሊሲየም ያዢ። ሣርና ቁጥቋጦ መሃል የሚኖር ስለሆነ እንደ ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ ካልተጠበስኩ አይልም። ገና ትንሽ ሳለም ያብባል።

ያ ቀይ ኳስሽም ጂምኖካሊሲየም ነው፤ ከላይ ያለው ማለቴ ነው። ክሎሮፊል (ምግብ የሚሠራበት አረንጓዴ ቀለም) የሌለው ዝርያ ስለሆነ ራሱን መመገብ አይችልም። ለዚህ ነው አረንጓዴ ካክተስ ላይ ቆርጠው ያጣበቁት። የታችኛውና የላይኛው እድገታቸው እኩል ስላልሆነ ጥንዶቹ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ዓመት በላይ አይዘልቁም። ቢሞትብሽ በራስሽ አትፍረጂ።

ዝምተኛ አንባቢ
ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ልጠይቅ። ውኃስ? የእኔ ካክተስ ላይ «በሳምንት አንዴ ትንሽ ውኃ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ሸክላ ብቻ
ወረቀቱን ጣለው ወንድሜ። «ትንሽ» የምትለዋ ቃል ከ«ሳምንት» ትብሳለች። ትንሽ ትንሽ ስታጠጣ ላዩ ይረጥባል፣ የታችኛው ሥር ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ስታጠጣ ከታች እስኪወጣ አጠጣ። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፋው። ከዚያ አፈሩ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ዝም በለው። መድረቁን ለማወቅ ቀጭን የእንጨት ዘንግ እስከ ታች ሰክተህ አውጣ። አፈር ይዞ ከወጣ ገና ነው። ሲለምድብህ መትከያውን አንሥተህ በክብደቱ ብቻ ታውቀዋለህ።

በሙቀትና በእድገት ጊዜ ቶሎ ይደርቃል፣ በብርድ ጊዜ ይዘገያል። ያን ወረቀት የጻፈው ሰው ያንተን ክፍል አላየም።

ዘር ዘሪ
በሸክላ ብቻ ሐሳብ ላይ ልጨምር። ቢዘገይ ለምን እንደማይሞት ማወቅ ያረጋጋል። አብዛኛው ተክል የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ቀን ይከፍታል፤ አየር ሲያስገባ ውኃ ይተንበታል። ካክተስና አብዛኛው ሳኩለንት (በአካሉ ውኃ የሚያጠራቅም ተክል) ግን ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል ይከፍታል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በአሲድ መልክ ያጠራቅማል፣ ቀን ቀዳዳውን ዘግቶ በፀሐይ ብርሃን ይሠራበታል። ስለዚህ ውኃ ሳትሰጠው ብዙ ሳምንት ብትጓዝ ስትመለስ ትንሽ ኮስሶ ታገኘዋለህ እንጂ አይሞትም። ከመጠን ያለፈ ውኃ ግን ሥሩን አየር ያሳጣዋል፤ መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ክራሱላ ሲጠማ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ይሸበሸባል። ክብ ካክተስ ደግሞ ጎድጎዱ ይጠልቃል። እነዚህን ምልክቶች ተከተል።

አሸዋ በጠጠር
የውኃው ነገር እውነት ነው፤ ግን ሁላችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። መትከያው ውስጥ ከታች ጠጠር ካላደረጋችሁ ውኃው አይወርድም! ጠጠር፣ ከላዩ አፈር፣ አለቀ። እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የምተክለው፤ አንድም አልበሰበሰብኝም።

ጋሼ እሾሁ
እዚህ ላይ አልስማማም ልጄ። የጠጠሩ ነገር ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ ግን አይሠራም። ወጥ ቤት ያለውን ስፖንጅ ውኃ አጥግበህ ከፍ አድርገህ ያዘው። ይንጠባጠብና ያቆማል። ግን የታችኛው ክፍል አሁንም እርጥብ ነው። አሁን ጠጠር ላይ አስቀምጠው። ያው ነው፤ የታችኛው ክፍል እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሰፊ ክፍተት በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል። ጠጠሩ ያደረገው ነገር ቢኖር ያንን እርጥብ ክፍል ወደ ሥሩ ማቅረብ ብቻ ነው።

መፍትሔው አፈሩን ራሱን ማሻከር ነው። ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ድንጋያማ ነገር አድርገው። ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ፣ ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የማዕድን ጥራጥሬ)፣ ወይም ታጥቦ የተነፋ ሸካራ የወንዝ አሸዋ ይሆናል። የባሕር ዳር አሸዋ ጨው ስላለበት ይቅር። የቀረው ተራ የችግኝ አፈር ይሁን። መትከያው ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ይኼ ድርድር የለውም።

አሸዋ በጠጠር
ጋሼ ከእርስዎ ጋር አልሟገትም፤ ግን የእኔዎቹ ለምን አልሞቱም ታዲያ?

ጋሼ እሾሁ
ስምህ ላይ ጽፈኸዋል እኮ። አፈርህ አብዛኛው አሸዋ ነው። ያዳነህ እሱ ነው፤ ምስጋናውን ጠጠሩ ወሰደው።

አሸዋ በጠጠር
ሃሃ፣ ይሁን። ጠጠሩን ከላይ እበትነዋለሁ እንግዲህ።

ጋሼ እሾሁ
ከላይማ ጥሩ ነው። የተክሉ አንገት እርጥብ አፈር እንዳይነካ ያደርጋል። ያምራልም።

ዝምተኛ አንባቢ
አንድ ልጨምር ይቅርታ። የካክተሴ የታችኛው ክፍል ቡኒ ሆኗል፣ እንደ ዛፍ ቅርፊት። በስብሶ ነው?

ዘር ዘሪ
ንካው። ጠንካራና ደረቅ ከሆነ እርጅና ነው። ብዙ ካክተስ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ቅርፊት ያወጣል፤ ተወው። ለስላሳ፣ ጥቁር ወይም ውኃ የቋጠረ ከሆነ፣ ሽታም ካለው፣ በስብሷል። ያኔ ከላይ ያለውን ጤነኛ ክፍል ቁረጥ። የተቆረጠው ፊት ላይ ቡኒ ነጠብጣብ ካየህ ገና ነው፤ ምላጩን በአልኮል እየጠረግህ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ቀንስ። ከዚያ እንደ ኤቼቬሪያዋ አድርቀህ ትከል። ወፍራም ካክተስ ግን ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል።

ዝምተኛ አንባቢ
ጠንካራ ነው። ተመስገን።

የመስኮት ዳር
እኔም ያልኩት ሁሉ ተመለሰልኝ ማለት ይቻላል፣ ሊቶፕስ ሲቀር። እሷን እርሺ ነው የምትሉኝ?

ዘር ዘሪ
እርሺ አልልሽም፤ ግን በምሥራቅ መስኮት ትከብዳለች። ብዙ ፀሐይ ካላገኘች ወደ ላይ ትረዝማለች፤ ያ የድንጋይ መልክዋ ይጠፋል። ድንጋይ ሲባል ደግሞ ቀልድ አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልያም በርቼል እ.ኤ.አ. በ1811 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንዷን ሲያነሣ ለየት ያለ ጠጠር ያነሣ መስሎት ነበር።

ዋናው ከባድ ነገር ግን ውኃዋ ነው። ሊቶፕስ ያላት አንድ ጥንድ ወፍራም ቅጠል ነው። ካበበች በኋላ አዲስ ጥንድ ከመሃል ይወጣል፤ ውኃውንም ምግቡንም ከአሮጌው ይመጥጣል። አሮጌው እንደ ወረቀት ደርቆ እስኪያልቅ ድረስ ጠብታ አይሰጣትም። በዚያ ጊዜ ካጠጣሻት አሮጌው ቅጠል አልደርቅም ብሎ ሁለት ጥንድ ተደራርቦ ይቀራል፣ ቅርጿ ይበላሻል፣ ልትፈነዳም ትችላለች። ሰው የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፤ የተጨማደደ ቅጠል አይቶ ዝም ማለት አይችልም። አንቺ ከቻልሽና የማሳደጊያ መብራት ከገዛሽ ሞክሪ።

እሬት ወዳጅ
ስለ አዲስ ተክል ካነሣችሁ፦ ከገዛችሁ በኋላ ከሌሎቹ ለይታችሁ ጥቂት ሳምንት አቆዩት። ሚሊባግ የሚባለው ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ተባይ በቅጠል ብብትና በእሾህ መሃል ይደበቃል። 70 በመቶ አልኮል ባስነከራችሁት የጆሮ ጥጥ እየነካካችሁ አጥፉት፣ በሳምንቱ ድገሙት። ሥር ላይ የሚኖርም አለው። ተክሉ ያለ ምክንያት ማደግ ካቆመ ነቅላችሁ ሥሩን እዩ።

ካክተስ ላይ የተጣበቀ የደረቀ አበባም ተጠንቀቁ። ሙጫ ነው። እውነተኛ አበባ ይከስማል፣ ያ ግን ዓመት ሙሉ እንዳማረበት ይቀመጣል።

ድመት ያላችሁ ደግሞ ካላንቾ የሚባለውን ተክል ከፍ ያለ ቦታ አድርጉ። ልብ የሚነካ መርዝ አለው።

አዲስ ሰብሳቢ
ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ። አንድ ሻጭ ኮፒያፖዋ የሚባል ካክተስ ፎቶ ላከልኝ። ትልቅ፣ ግራጫ፣ ጠባሳ ያለው። መትከያ የለውም፣ ዋናው ሥሩ ተቆርጧል። «ከዘር እንዲህ የሚያደርስ ዕድሜ የለህም» ይለኛል። ልግዛ?

ዘር ዘሪ
አትግዛ። የተቆረጠ ወፍራም ሥር፣ የተቃጠለ ጎን፣ ያልተስተካከለ ቅርጽ፣ መትከያ አልባነት። እነዚህ በችግኝ ጣቢያ ያደገ ተክል ምልክቶች አይደሉም። ከዱር ተነቅሎ ነው የመጣው። ኮፒያፖዋ የቺሊ አታካማ በረሃ ተክል ነው። ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር፣ ከባሕር በሚመጣ ጭጋግ እየታገዘ፣ እጅግ ዝግ ብሎ ያድጋል። ያ ሻጭ ስለ ዕድሜ እውነቱን ነው የተናገረው። አንዱ ሲነቀል የሚተካው በሰው ዕድሜ አይደርስም።

አዲስ ሰብሳቢ
ይገባኛል። ግን እሱ አንዴ ተነቅሏል። እኔ ባልገዛው ሌላ ይገዛዋል፣ ወይ ይሞታል። እኔ ጋ ቢያንስ ይኖራል።

ጋሼ እሾሁ
ልጄ፣ አንተ የምትከፍለው ለዚያ ተክል አይደለም። ለሚቀጥለው መንቀያ ነው። ሻጩ ይኼ ከተሸጠለት ሌላ ያመጣል።

ሕጉም አለ። ሳይተስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ ላይ የዋለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከጥቂቶች በቀር መላውን የካክተስ ቤተሰብ በቁጥጥር ውስጥ አስገብቶታል። ከአገር አገር ለማሻገር ፈቃድ ይጠየቃል። እንደ አሪዮካርፐስ ያሉት ደግሞ በጣም ጥብቅ በሆነው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። የጣሊያን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ1,000 የሚበልጡ ከቺሊ የተዘረፉ ካክተሶችን ይዟል። አብዛኞቹ ኮፒያፖዋ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ብዙዎቹ በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ዘር ዘሪ
እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ ከካክተስ ዝርያዎች 31 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው አሳይቷል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ለስብስብ መነቀል ነው። ማለትም እኛ።

ባለ ወርቃማ እሾሁን ትልቅ ክብ ካክተስ፣ ግሩሶኒን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየአትክልት ቦታው ሞልቷል። ሜክሲኮ ውስጥ ዱር ያለው ግን ጥቂት ነው፤ ከመኖሪያው ከፊሉ በግድብ ውኃ ተውጧል። በእጃችን የሚበዛው ሁሉ ከዘር የተገኘ ነው። ከዘር የበቀለ ኮፒያፖዋም ይገኛል። ትንሽ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው።

አዲስ ሰብሳቢ
እሺ፣ ተውኩት። ዘር እንዴት ነው የሚዘራው ታዲያ?

ዘር ዘሪ
ይኸን ስጠብቅ ነበር! አፈሩን እርጥብ አድርገህ በማይክሮዌቭ ወይም በእንፋሎት አሙቀው፤ ሻጋታና ተባይ ይሞታል። ሲቀዘቅዝ ትንሽ መትከያ ውስጥ አድርገው። ዘሩን ከላይ በትነው፤ አትቅበረው። አብዛኛው ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ሁሉንም በሚታሸግ ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ክተተው። ብሩህ ግን ቀጥታ ፀሐይ የማያገኝ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሚሆን ቦታ ይበቃዋል። አስትሮፊተም በቀናት ውስጥ ብቅ ይላል፤ ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ። ሌሎች ሳምንታት ይወስዳሉ። ከረጢቱን ለመክፈት አትቸኩል። ችግኞቹ ትንንሽ እሾህ ካወጡ በኋላ ቀስ በቀስ አየር አስለምዳቸው።

ትዕግሥት ለሌለው ሰው ይህን ልንገር፦ በአሪዞና ሶኖራ በረሃ ያለው ግዙፉ ሳጓሮ በ10 ዓመቱ ቁመቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። የጎን ክንዱን ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የእኛዎቹ ፈጣን ናቸው።

ሸክላ ብቻ
የእኔ ማሚላሪያ ከገዛሁት ጀምሮ አንድም ጊዜ አላበበም። ብርሃንም አፈርም አለው። ጋሼ?

ጋሼ እሾሁ
እረፍት ሰጥተኸዋል? ብዙ ማሚላሪያና ሬቡሺያ ለማበብ ቀዝቃዛና ደረቅ ወራት ይፈልጋሉ። ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ የሆነ፣ ብሩህ ቦታ ፈልግና ውኃ አቁም። ዓመቱን ሙሉ ሞቅ ባለ ሳሎን ውስጥ እየጠጣ ከኖረ ያድጋል እንጂ ለምን ያብባል?

የመስኮት ዳር
እኔ ወስኛለሁ። ደፉ ላይ ጂምኖካሊሲየም ከዘር፣ ከጎኑ ሁለት ሃዎርሺያ። መደርደሪያው መብራት እስክገዛ ባዶ ይሁን። አንድ ወገን ይዤ እሰበስባለሁ ማለት ነው፤ ጂምኖካሊሲየምን። ቀዩ ኳስ ቢሞትም ዘመዶቹ ይኖሩኛል።

እሬት ወዳጅ
ጎበዝ። አንዱን ኮምፒውተርሽ አጠገብ አድርጊው፣ ጨረር ይመጥጣል አሉ 😄

ጋሼ እሾሁ
እዚያ ካደረግሽው ጨረሩን ሳይሆን ጨለማውን ነው የሚመጥጠው። ተዪው።

ዝምተኛ አንባቢ
ይቅርታ፣ አስቸኳይ! የእህቴ ልጅ የኦፑንሺያ (የበለስ ቁልቋል ወገን) ቅጠሉን በእጁ ጨበጠው። ያ እሾህ የሌለው የሚመስለውን፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለውን። ጣቶቹ ላይ በዓይን የማይታይ ነገር ተሰክቶ እያለቀሰ ነው። በውኃ ልሽው?

ሸክላ ብቻ
አትሸው! ባሸኸው ቁጥር ይገባል። በአፉ እንዳይነካው፣ ዓይኑንም እንዳያሽ እጁን ያዘው። ያ ነጠብጣብ በመቶ የሚቆጠሩ፣ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ የተቀለበሰ ጥቃቅን እሾሆች ናቸው። መጀመሪያ ጥሩ ብርሃን ሥር፣ ማጉያ መነጽር ካለህ በሱ እያየህ፣ የሚታዩትን በወረንጦ ወደወጡበት አቅጣጫ ሳብ። ከዚያ ነጭ የወረቀት ሙጫ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ላዩ ላይ ስስ የቁስል ጨርቅ አልብስ። ሙጫው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ጨርቁን ላጠው። የቀሩት አብረው ይወጣሉ። ዓይኑን ከነካ ግን እዚህ አትጠይቅ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም።

ዝምተኛ አንባቢ
ዓይኑን አልነካም። ወረንጦው ብዙውን አወጣ። ሙጫው እስኪደርቅ እየጠበቅን ነው። ተክሉን የት ላድርገው?

ሸክላ ብቻ
ልጁ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ፀሐይ ያለበት። ስታነሣው እጅህን አትጠቀም፤ ጋዜጣ አጣጥፈህ እንደ ቀበቶ ጠቅልለውና በሱ ያዘው። ጋዜጣውን ደግሞ ወዲያው ጣል።